ለሕያው የተለበሰ ከል

አንዲት እናት ነበረች። የምትኖረው የክር ፋብሪካ ባለባት ትንሽ ከተማ ነው። የግቢዋ በር ቆርቆሮ ነው። ይህቺ እናት ያንን በር ትፈራዋለች።

በር የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌባ አይደለም የምትፈራው። ቤቷ ለሌባ የሚሆን ነገር የለም። የምትፈራው ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ፣ በጣት አንጓ ቀስ ተደርጎ የሚንኳኳውን በር ነው። አንድ ጊዜ እንደዚያ ተንኳኩቶባታልና።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አላስተምርም። ሽማግሌዎቹ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ። ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። "አንተ ቅደም፣ አይ አንተ ቅደም" ይባባላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ያንኳኳሉ። በር የሚደበድብ መርዶ ነጋሪ አይታችኋል? የለም። ሁሉም ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ነው ቀስ ያለው ማንኳኳት የሚያስፈራው።

የእናትየዋ ስም ዘርትሁን ነው። ልጇ አበጀ ይባላል። አበጀ እዚያው ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ጦርነት መጣ፤ ዘመተ። ደብዳቤም ስልክም ጠፋ። ከዕለታት አንድ ቀን አብሮት የዘመተ ጓደኛው "ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ" የሚል ወሬ ላከ።

ያን ማለዳ በሩን ያንኳኩት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። ጋሽ ወልደየስ ፋብሪካ ውስጥም የአበጀ አለቃ ነበሩ፤ የጥገና ክፍል ኃላፊ። ልጁን ሥራ ያስተማሩት እሳቸው፣ መርዶውን ለእናቱ የነገሩትም እሳቸው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተጣለ። ሬሳ የለም፤ ፎቶው ተይዞ ተለቀሰ። ከተማው በሙሉ ነቅሎ መጣ። ሠልስቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ። ፋብሪካው ማሽኖቹን አጥፍቶ ጸጥ አለለት። ካልተመለሱ ሦስት ሌሎች ሠራተኞች ጋር ፎቶው በአንድ ትልቅ ፍሬም ገባና ጥገና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጥቁር ሪባን ታሰረበት። ዘርትሁን ከል ለበሰች።

አሳምረው አለቀሱለት። ለማልቀስማ ማን ብሎን!

እንግዲህ ስሙኝ። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አበጀ ያንን የቆርቆሮ በር ገፍቶ ገባ።

አልሞተም ነበር። ቆስሎ ወድቆ፣ በማያውቀው አገር ተይዞ፣ እግዚአብሔር አውጥቶት መጣ። ከስቷል። ከስክስ ጫማው ተረከዙ ተበልቷል። ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ስታየው ራሷን ስታ ወደቀች። ጎረቤቱ እልል አለ። አንድ ሰሞን እልል አለ። ከዚያስ?

ከዚያ ፈሩት።

ምን አድርጓቸው ፈሩት? ምንም። ዝም ስለሚል ፈሩት። ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በር አዙሮ ስለሚቀመጥ ፈሩት። ሰሃን ሲወድቅ ብድግ ስለሚል ፈሩት። "ስንቱን አይቶ መጥቷል፤ አይታወቅም" እያሉ ልጆቻቸውን ከግቢው መጥራት ጀመሩ።

አይታወቅም! ይህቺን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ። የሰውን ልጅ በቁሙ የምንቀብርባት ቃል ናት። ያላወቅነው እኮ ስላልጠየቅነው ነው!

እናቱስ? እናቱም ፈራች። የእሷ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ልጇን አልፈራችም፤ መደሰትን ፈራች። ከሌን ካወለቅሁ፣ ደስ ካለኝ፣ የሰጠኝ መልሶ ይወስድብኛል አለች። ስለዚህ ከሏን አላወለቀችም። ከስክስ ጫማውን አልጋዋ ሥር ደበቀችው፤ ያንን ካደረገ ይሄድብኛል ብላ። ስለ ጦርነቱ አፉን ሲከፍት "ተወው ልጄ፣ አታንሳው፣ እርሳው" ትለዋለች። ሲተኛ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሲነጋ ግን ዓይኑን አታየውም።

እስቲ አስቡት። ልጅየው በሕይወት አለ። ምሳውን የምታቀርብለት እናቱ ግን ለእሱ ሞት የለበሰችውን ልብስ ለብሳ ነው የምታቀርብለት።

አንድ ቀን ጠየቃት።

"እማዬ፣ ይሄ ከል የማን ነው?"

"ተወኝ ልጄ።"

"የአባቴ እንዳልል፣ የአባቴን ከል ያወጣሽው ልጅ ሆኜ ነው። ዘመድ አልሞተብን። የማን ነው?"

"ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል" አለችው።

እሱም በላ።

ወደ ሥራው ተመለሰ። ጋሽ ወልደየስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አቅፈው ስመው ተቀበሉት፤ የድሮ ቦታውን ሰጡት። ግን ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። "እናወርደዋለን" ተባለ። ፍሬሙ አንድ ነው፤ የእሱን ለማውጣት የአራቱንም መፍታት ሊሆን ነው። ዛሬ ነገ ሲባል ከረመ። አበጀ ጥቁር ሪባን በታሰረበት በገዛ ፎቶው ሥር ቆሞ ብሎን ይፈታል። ጓደኞቹ ለጨዋታ "ሟች፣ እስቲ መፍቻውን አቀብለን" ይሉታል። ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፤ ግድ የለም። እሱም ስቋል እኮ። ሰው ሲስቅ ደህና ነው ብለን ስንቱን ሸኘነው!

የመታሰቢያው ቀን ደረሰ። ፋብሪካው በየዓመቱ ያልተመለሱትን ያስባል፤ መልካም ነው። እንግዶች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ። አበባ መጣ፣ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። በመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው እንግዲህ አንዱ የፎቶውን ነገር ያስታወሰው። ፎቶው ግድግዳ ላይ፣ ባለፎቶው መሬት ላይ! እንግዶቹ ቢያዩ ምን ይላሉ? ማፈር አይደለም?

ጋሽ ወልደየስ አበጀን ወደ ጥግ ወሰዱት።

"አበጀ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።"

"ይዘዙኝ ጋሼ።"

"እንግዶቹ እስኪሄዱ መጋዘኑ ጀርባ ትንሽ ብትቆይልን። ፎቶውን ሳናስተካክል ደረሱብን። ግራ እንዳይገባቸው ብዬ ነው እንጂ…"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ አለ! ወታደር ነዋ! ሂድ ሲሉት የሄደ፣ ቁም ሲሉት የቆመ ሰው ነው። መጋዘኑ ጀርባ ሄዶ በአሮጌ ጎማዎች መካከል ቆመ። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሰማ። "መተኪያ የሌላትን ሕይወቱን ለወገኑ የሰጠ ጀግናችን አበጀ" ሲባል ሰማ። ጭብጨባውን ሰማ። "የሕሊና ጸሎት እናድርስ" ተባለ፤ ግቢው ጸጥ አለ። አበጀም ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መጋዘን ጀርባ ቆመ። ለራሱ።

ወገኖቼ፣ ይህን ስነግራችሁ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

የዚያን ቀን ማታ አበጀ ቤቱ አልገባም።

ዘርትሁን ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳ ጠየቀች። "ቅድም ወጥቷል" አሏት። ተመልሳ ገባች። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋችው አልተርክላችሁም፤ እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ይህን ብቻ ልንገራችሁ። አልጋዋ ሥር ጎንበስ አለችና ከስክስ ጫማውን አወጣች። እንደደበቀችው አለ። ለካ ሰው ለመሄድ ከስክስ አያስፈልገውም። ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩን እያየች ተቀመጠች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ። በጣት አንጓ።

በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ነጠላ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ናቸው። እነዚያው ናቸው። ያኔ የመጡት ሰዎች፣ ያኔ በመጡበት ሰዓት፣ ያኔ በቆሙበት አቋቋም።

"ዘርትሁን፣ እኔ ነኝ፤ ወልደየስ ነኝ። ክፈቺልን" አሏት።

"አልከፍትም!"

"ኧረ ክፈቺ፣ ደግ ነገር ይዘን ነው የመጣነው።"

"ያኔም አይዞሽ እያሉ ነው የገቡት ጋሽ ወልደየስ! አንዴ ከፍቼልዎት ልጄን ቀበርኩ። አሁን ብከፍት እውነት ይሆንብኛል። አልከፍትም! ይሂዱልኝ! በእግዚአብሔር ይሂዱልኝ!"

እነዚህ ሽማግሌዎች ምን ይዘው ነው የመጡት? ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ወልደየስ አበጀን ሊጠሩት መጋዘኑ ጀርባ ሄዱ። የለም። ወደ ጥገና ክፍሉ ገቡ። ፍሬሙ ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ተፈቶ ተመልሶ ታስሯል፤ የማሽን ጠጋኝ እጅ ነው። ሦስቱ ፎቶዎች በቦታቸው ናቸው። የአራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ጋሽ ወልደየስ ክው አሉ። የእድሩን ሰዎች ጠርተው ፍለጋ ወጡ። ለእናትየዋ አልነገሯትም፤ እንዳትደነግጥ ብለው ነው። እንዳትደነግጥ! እሷ ቤቷ ውስጥ በቁሟ እየሞተች ነው፤ እነሱ እንዳትደነግጥ ብለው ዝም!

ያገኙት ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር ነው። ከተማውን የሚያቋርጠው ወንዝ ድልድይ ላይ፣ እግሩን ወደ ውኃው አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ፎቶው እጁ ላይ ነው። ጋሽ ወልደየስ ሌሎቹን ከሩቅ አቁመው ብቻቸውን ተጠጉ።

"እዚህ ምን ትሠራለህ ልጄ?"

"ይሄን ሰውዬ ልሸኘው ነው ጋሼ" አለ፤ ፎቶውን እያሳያቸው። "እናቴ ከሉን ለብሳለታለች። እናንተም ጸሎቱን አድርሳችሁለታል። እድሩም አልቅሷል። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል እኮ። የጎደለው ሬሳው ብቻ ነው።"

ሰማችሁ? የጎደለው ሬሳው ብቻ ነው!

ጋሽ ወልደየስ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ድልድዩ ላይ ዘፍ ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ክንዱን ያዙት። የሚንቀጠቀጠውን ክንድ ነው የያዙት።

"መርዶህን የነገርኩ እኔ ነኝ" አሉት። "ስትመጣ ያልመለስኩትም እኔው ነኝ። ትናንት ደግሞ በገዛ አፌ ሂድ ተደበቅ አልኩህ። አንተ አይደለህም መሄድ ያለብህ። መርዶው ነው። ተነሥ፤ እናትህ ጋ ሄጄ ልመልሰው።"

ክንዱን ሳይለቁ አስነሡት። እንግዲህ ሽማግሌ አይደሉ? በወጉ የተነገረ በወጉ ይመለስ ተባባሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። በእድሜ ተሰለፉ። ጋሽ ወልደየስ ቀደሙ፤ ልጁን ከኋላ አስከተሉት፤ ሽማግሌ ይቀድማል ብለው። ዛሬም ከኋላ! በሩን ቀስ ብለው አንኳኩ። ያቺ ሴት ያንን ማንኳኳት ስትሰማ ምን እንደምትሆን ከመካከላቸው አንድ እንኳ አላሰበም።

ወግ ያለ ፍቅር እንዲህ ነው። ልናድን መጥተን እንገድላለን።

ጩኸቷ ድንገት ተቋረጠ። "ዘርትሁን!" አሉ። መልስ የለም። "ዘርትሁን!" ዝም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አሁን እውነተኛው ፍርሃት መጣ፤ ልጁን ከድልድይ አምጥተው እናቱን በር ላይ ሊያጡ ነው።

ያን ጊዜ አበጀ "ዞር በሉ" አለ።

ይህ እሺ ሲል የኖረ ልጅ ዞር በሉ አለ። በመካከላቸው አልፎ በሩን በጡጫው ደበደበው። በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጁ ደበደበው። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ውሾቹ ጮኹ፤ ሠፈሩ ነቃ።

"እማዬ! ክፈቺ! እኔ ነኝ! ክፈቺ እማዬ!"

ዘርትሁን መሬት ላይ ተደፍታ ነበር። ድምፁን መጀመሪያ አላመነችውም። ድብደባውን ግን አመነችው። እንደዚህ በር የሚደበድብ መርዶ ነጋሪ የለማ! ይሄ ሕያው ሰው ነው! ይሄ ግባ የሚባል ሰው ነው! በጉልበቷ ሄዳ መወርወሪያውን ሳበችው።

ጋሽ ወልደየስ ግቢው ውስጥ ተንበረከኩ። "ዘርትሁን፣ ያኔ ያልኩሽ ሐሰት ነበር። ልጅሽ አልሞተም። ልጅሽ ስለ እኛ ዘምቶ፣ ስለ እኛ ቆስሎ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ መጥቷል። ያልተቀበልነው እኛ ነን" አሉ።

እሷ እሳቸውን አታይም። ልጇን ነው የምታየው። በስንት ጊዜዋ ዓይኑን አየችው።

"ጠይቀኸኝ ነበር" አለችው። "የማን ነው ብለኸኝ። ያንተ ነው ልጄ። ያንተ ነው። ፈርቼ ነው።"

ገባች። ስትወጣ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ከስክሱን ይዛለች። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችውና ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። ከዚያ ልጇ አጠገብ ተቀመጠችና "በል እንግዲህ ንገረኝ" አለችው። "ያየኸውን ንገረኝ። የፈለገ ቢሆን እሰማሃለሁ።"

ታሪኩ ይኸው ነው። አበጀ ሙሉ በሙሉ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። እጁ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ዛሬም ፊቱን ወደ በር አዙሮ ነው የሚቀመጠው። ፋብሪካው ፍሬሙን ባዶ ቦታውን እንደያዘ ሰቀለው። በመታሰቢያው ቀን ግን የሦስቱን ጓደኞቹን ስም የሚጠራው አበጀ ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ ቆመው ያዳምጡታል። ጋሽ ወልደየስ ከኋላ ነው የሚቆሙት። ራሳቸው መርጠው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ቤት ማን አለ? አባት አለ? በዚያኛው ጦርነት ይሁን በዚህኛው የዘመተ አጎት አለ? ልጆቹ "አባባ ደግሞ ጀመሩ" እያሉ ወሬውን የሚያቋርጡት ሰው አለ? እንግዳ ሲመጣ "እዚያኛው ክፍል ሁኑልን" የሚባል ሰው አለ? ይሄ መጋዘን ጀርባ አይደለም? ምንድን ነው ልዩነቱ?

መሥሪያ ቤታችሁስ? በየቀኑ በሩን የሚከፍትላችሁ ሰው፣ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ዝምተኛ ሰው፣ የት ነበረ? ጠይቃችሁታል? ወይስ "አይታወቅም" ብላችሁ ወንበራችሁን ራቅ አድርጋችኋል?

እናንተ ደግሞ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ፣ ወደ በሩ ዞራችሁ የተቀመጣችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ዞራችሁ አትዩ ሌሎቻችሁ! እኔ ነኝ የማናግራቸው። እናንተ ሆይ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም እንኳን ደህና መጣችሁ። ልትሸኙ አይደለም የመጣችሁት።

እኔ እፈራለሁ ወገኖቼ። ለምን እንደምፈራ ልንገራችሁ? እኛ ለሞተ ሰው ጎህ ሳይቀድ የምንነሣ ሕዝብ ነን። ድንኳኑ ዝግጁ ነው። ጥሩምባው ዝግጁ ነው። ለቅሶውን እንችልበታለን። አሁን በዚህች ሰዓት በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶለት ሬሳው ብቻ የጎደለ ሰው ተቀምጧል። ነገ ማለዳ በራችሁ በጣት አንጓ ቀስ ብሎ እንዳይንኳኳ እፈራለሁ።

ስለዚህ አትጠብቁ። ለነገ አትበሉ። ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደዚያ ሰው ሂዱ። በሩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ አደራችሁን፣ ቀስ ብላችሁ አታንኳኩ። ደብድቡት። ሕያው ሰው እንደመጣበት ይወቅ።